የመጨረሻው ዘፈን ሳይሰማ የተሸጠ ፍላሽ

ይህ የሆነው መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ነው፤ 2017 ዓ.ም. እንደገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ ዋዜማው ላይ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ሙዚቃ ቤቱ ዘፈን ጭኖ የሚሸጥበት ፍላሽ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነውና ዋጋው ወዲያው ተሰቀለ።

የደንበኛውም ጥያቄ አብሮ ተለወጠ። ድሮ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «አዲስ የወጣ ምን አለ?» ይል ነበር። አሁን «ስንት ዘፈን ይይዛል?» ሆነ። ሙዚቃ ቤት የሚሠራ ሰው ይህችን ለውጥ ማስተዋል አለበት። ኪሱ የሳሳ ሰው ዘፈን መስማት አያቆምም፤ አዲሱን አልበም ለብቻው መግዛት ይተውና በአንድ ክፍያ ብዙ የሚሰማበትን ይፈልጋል። ስለዚህ ትልቅ መያዣ በርካሽ ይጠይቃል። ችግሩም የሚገባው እዚያች ላይ ነው።

ሱቁ የደንበኛውን አቅም አይቶ ከአንድ አዟሪ 40 ባለ64 ጊጋ ፍላሽ በግማሽ ዋጋ ወሰደ። የሚጭነው ልጅ እንደ ደንቡ ፈተሻቸው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ 64 ጊጋ እንደሚል አየ፣ ዘፈን ጫነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዘፈኖች ከፍቶ ሰማ። ሁሉም ይሠራል። 23ቱ ተሸጡ።

ከገዢዎቹ አንዱ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። 3,000 ዘፈን በ30 ፎልደር አስጫነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ዘፈኖቹ ስማቸው ይታያል፣ ድምፅ ግን የላቸውም፤ የመኪናው ቴፕ እየዘለለ ያልፋቸዋል። ልጁ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ብሎ ፎርማት አደረገና እንደገና ጫነለት። ከሌላ አሥራ አንድ ቀን በኋላ ሾፌሩ እንደገና በሩ ላይ ነው፤ በዚህኛው ግን ፊቱ ጠቁሯል።

የሱቁ ባለቤት ልጁ ፍላሹን ሊሰካ ሲል አስቆሙት።

«ቆይ አንተ። ከየት ጀምሮ ነው የሚዘለው?»

«ከአሥራ ስድስተኛው ፎልደር አጋማሽ ወዲያ ጭጭ ነው ጋሼ» አለ ሾፌሩ። «ያለፈውም ጊዜ እዚያችው ላይ ነው የቆመው።»

ቫይረስ ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተጨመቀ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 4.8 ሜጋ ገደማ ነው፤ አሥራ አምስት ፎልደር ተኩል ማለት 1,550 ዘፈን፣ ሰባት ጊጋ ተኩል የሚጠጋ። ፍላሹ ላይ 64 ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለው 8 ጊጋ ነው። አስመስሎ የሠራው ሰው ፍላሹን የሚያዘውን ቺፕ 64 ብሎ እንዲመልስ አድርጎታል፣ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። እዚህ ፍላሽ ላይ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር የተቀመጠው ከመነሻው አካባቢ፣ እውነተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ሺህ ስም ይታያል። ከ8 ጊጋ በኋላ የተጻፈው ድምፅ ግን የትም የለም። አንዳንዱ ፍላሽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሲሞላ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየደረበ ይጽፋል፣ ደህናውንም ያጠፋል።

አሥራ አንድ ቀን የፈጀውም በዚሁ ነው። 1,550 ዘፈን በአምስት ደቂቃ 129 ሰዓት ይሆናል። በቀን 12 ሰዓት የሚነዳ ሰው ቴፑን ሳይነካ በተጫነበት ቅደም ተከተል ሲያዳምጥ እዚያ የሚደርሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ባለቤቱ ነገሩ የገባቸው በፍላሽ ዕውቀት አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ ካሴት ይቀዱ ነበር። ያኔም ባዶ ካሴት ተወደደ፤ ሰው ቤቱ ያለውን አሮጌ ካሴት እያመጣ «በዚህ ላይ ቅዱልኝ» ማለት ጀመረ። ጀርባው ላይ ያለችው መከላከያ ፕላስቲክ የተሰበረች ከሆነ ቀዳዳዋ በፕላስተር ይደፈናል፤ አለዚያ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም። አዲስ የሚገዛውም ባለ60 ደቂቃውን ትቶ ባለ90 ይላል፤ 12 የነበረው ዘፈን 18 ይሆንለታላ። የባለ90 ክር ግን ቀጭን ነው። የ60ው 18 ማይክሮን ገደማ ሲሆን የ90ው 12 ነው፣ የባለ120ማ 9 ብቻ። ጎማው ያረጀ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ይለጠጣል፣ ይጠመጠማል። አሮጌው ካሴት ላይ ደግሞ የመቅጃው ማጥፊያ ሄድ በአልኮል ካልተጠረገ የድሮው ድምፅ ከአዲሱ ስር ይሰማል። ይህ ሁሉ ጉድለት ጎልቶ የሚወጣው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። እሳቸው ካሴት አስረክበው የሚሸኙት የመጨረሻዋን ዘፈን ካሰሙ በኋላ ነው። ልጁ ግን የመጀመሪያዎቹን እያሰማ ነበር የሚሸኘው፤ ያስተማረውም ሰው አልነበረም።

ከዚያው ቀን ጀምሮ የቀሩት 17 ፍላሾች ተፈተሹ። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን ባንድ ባንድ ጊጋ ፋይል ሞልቶ መልሶ ያነባል። በሰከንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ባለ64 ፍላሽ ለመሙላት ብቻ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይወስዳል፤ ማንበቡ ሌላ ነው። ሌሊቱን ትቶ ማደር ይሻላል። ፕሮግራሙ የሌለው ሰው በዘፈን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ፍላሹን ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ የመጨረሻውን ፎልደር ዘፈን ከፍቶ ይስማ። መንቀሉ ግዴታ ነው፤ ሳይነቀል ከተሞከረ ኮምፒውተሩ በራሱ ማስታወሻ የያዘውን ሊያሰማና ሊያታልል ይችላል። አሥራ ሰባቱም 8 ጊጋ ሆነው ተገኙ። 7 ጊጋዋን ብቻ ለይቶ እንደ ባለ8 መሸጥ ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን እምቢ አሉ፣ የሚያልፍበት እጅ ሁሉ 64 ተብሎ የተጻፈውን ነው የሚያነበው።

ለሾፌር ባለ64 መሸጥ ራሱ ከመነሻው ስህተት ነው፤ ፍላሹ ኦርጅናል ቢሆንም እንኳ። ብዙ የመኪና ቴፕ የሚያነበው ፋት32 የተባለውን የፋይል አደራደር ነው፣ ባለ64 ግን ብዙ ጊዜ ኤክስፋት በተባለ ሌላ አደራደር ተደራጅቶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሲሰካ ቴፑ ምንም እንዳልተሰካ ይቆጥረዋል። ሁለት ባለ16 ይበቁታል፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይቀራል።

ስልክ እያለ ለምን ፍላሽ የሚል ይኖራል። እንደ ሰዋስው ያሉ የስልክ ሙዚቃ መተግበሪያዎች ለባለመብቱ ገንዘብ የሚደርስባቸው መንገዶች ናቸው፣ መደገፍም አለባቸው። ግን በ128 የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋ ገደማ ይበላል፤ በ12 ሰዓት ወደ 700 ሜጋ ነው። ከነዳጅና ከጎማ ጋር የሚታገል ሰው በየቀኑ ይህን ጥቅል አይገዛም። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀረው የድምፃዊው ድርሻ መሆኑ ያሳዝናል። ያለ ፈቃድ ማባዛትን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል፤ ሙዚቃ ቤቱ ከባለመብቱ ጋር ውል ይዞ በዘፈን ቁጥር እየከፈለ ካልጫነ፣ ደንበኛው የሚጠይቀው «ስንት ይይዛል» የባለሙያውን ጉሮሮ የሚዘጋ ጥያቄ ይሆናል። ውል ያለው ቤት የፍላሹንና የዘፈኑን ዋጋ ለየብቻ ጽፎ ቢለጥፍ ጥሩ ነው። የራሱን ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው 50 ዘፈን ብቻ ቢያስጭንም መስተናገድ አለበት፤ በክፉ ጊዜ ደጅ የሚቆየው ደንበኛ እሱ ነው።

ሱቁ አሁን ፍላሽ መሞከሪያ እንዲሆን ጠረጴዛው ስር አሮጌ የመኪና ቴፕ አስሯል። ኃይል የሚያገኘው ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነው። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ተገናኝቶ ይነሳል፣ የሱ ቢጫ 12 ቮልት ወደ ቴፑ ቢጫና ቀይ፣ ጥቁሩ ወደ ጥቁር። የቴፑ ሽቦ ቀለም የተለየ ከሆነ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ማየት ነው።

ሾፌሩ ሁለት ባለ16 ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠው። ልጁ ሁለተኛውን ፍላሽ ቴፑ ላይ ሰካና ፎልደር 30፣ ዘፈን 100 ላይ አደረሰው። ዘፈኑ ጀመረ። ረዳቱ ከውጭ «ተራችን ደርሷል እኮ!» እያለ ይጣራል። ሾፌሩ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርጎ እስኪያልቅ ሰማው።