ትልቁን ልገዛ ሄጄ ትንሹን ይዤ ተመለስኩ

ዛሬ ለአደን የሚሆነኝን ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የሁለት ዓይን መነጽር) ስመርጥ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ልቤ ያረፈው 12 በ50 ላይ ነበር (12 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር የሆነ)፤ አብዝቶ የሚያቀርብ ይሻላል ብዬ። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው ከበደኝ፣ ስመለከትበት ደግሞ የእጄ መንቀጥቀጥ አብሮ ጎላ።

8 በ42ቱን ሳነሳ ምስሉ ረጋ። 42ን ለ8 ስታካፍሉት 5.25 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ማለት ነው። የ12 በ50ው 4.2 ገደማ ብቻ ነው (ሒሳቡን የሠራሁት እዚያው ቆሜ በስልኬ ነው፣ አትሳቁ)። ብዙ አውሬ የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ኪሴ ለውዶቹ አይደርስም። ውሃ የማያስገባ፣ ሌንሶቹም በሙሉ ነጸብራቅ መከላከያ የተቀቡለት እንዲሆን ግን አልሰሰትኩም። ማታ በመስኮት ስሞክረው ዛፍ ሥር የተኛችው ድመት ጢሟ ሳይቀር ታየኝ።