ከሠርግ ካሴት የወጣ ቁጥር

ዛሬ የታላቅ እህቴን የሠርግ ቪዲዮ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ ፕሮግራሙ ድምፁን በ44,100 ሄርዝ ወይስ በ48,000 ሄርዝ እንደምቀዳ ጠየቀኝ። ለዓመታት ትርጉማቸውን ሳላውቅ ስመርጣቸው ስለኖርኩ፣ ሥራውን አቁሜ ምንነታቸውን ለመረዳት ቁጭ አልኩ።

ቁጥሩ የድምፁ ሞገድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ይናገራል፤ የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ስለሚሰማ፣ ልኬቱ ከዚያ እጥፍ በላይ መሆን አለበት። እኔን ያስደነቀኝ ግን የ44,100 አመጣጥ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲጂታል ድምፅን ለመያዝ የሚበቃው የቪዲዮ ቴፕ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ድምፁን በምስል መስመሮች ላይ አሰፈሩት፤ እኛም ስንጠቀምበት በኖርነው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በአንድ መስመር 3 ልኬት፣ በአንድ ፊልድ (የአንድ ሙሉ ምስል ግማሽ) 294 መስመር፣ በሰከንድ 50 ፊልድ ሲባዛ በትክክል 44,100 ይመጣል። በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲም ይህንኑ ቁጥር ወረሰ። ለቪዲዮ የተለመደው 48,000 ስለሆነ እሱን መረጥኩ።

ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የእናቴ እልልታ የድምፅ መለኪያውን ቀዩ ላይ አደረሰውና ድምፁ ተሰነጠቀ። ዲጂታል ቅጂ ከጣሪያው ያለፈውን ድምፅ ቆርጦ ስለሚጥለው፣ የመግቢያውን መጠን ዝቅ አድርጌ፣ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደገና ቀዳሁት። አሁን እልልታው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከሥሩም ከዚህ በፊት ያልሰማሁት የአባቴ ምርቃት አለ።