የሌሊቱ እንግዳ

ዛሬ ማታ እንደ ልማዴ የሠራሁትን ፕሮግራም ዳታቤዝ ከፍቼ የተመዘገቡትን ተጠቃሚዎች ቆጠርኩ። 11 ናቸው። ከእነዚህ 6ቱ ለሙከራ በተለያየ ኢሜይል የከፈትኳቸው የራሴ መዝገቦች ሲሆኑ፣ 3ቱ ሊያበረታቱኝ ሲሉ ተመዝግበው ሁለተኛ ያልተመለሱ ወዳጆቼ ናቸው። አንዷ በቅርቡ የተዋወቅኳት ተርጓሚ ናት። የቀረውን ሰው ግን አላውቀውም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት በሌሊት ገብቶ፣ ለ4 ደቂቃ ቆይቶ፣ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይጽፍ ወጥቷል። በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ምን እንዳየ ስገምት ስንት ሌሊት እንዳለፈኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፕሮግራሙ ቋሚ ቀጣሪ የሌላቸው ባለሙያዎች ለደንበኞቻቸው የሚልኩትን የክፍያ መጠየቂያ ያዘጋጃል፤ ክፍያው ሲዘገይም ለደንበኛው ማስታወሻ በራሱ ይልካል። ችግሩ የራሴም ስለ ነበር ሌላውም እንደኔ እንደሚቸገር አልተጠራጠርኩም። ይሁንና ስሠራው በቆየሁባቸው 8 ወራት ውስጥ አንድም ሰው ገንዘቡ ሲዘገይበት ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም። ተጠቃሚ በጠፋ ቁጥር አዲስ ነገር እጨምር ነበር፤ መጀመሪያ የተለያዩ አገሮችን ገንዘብ ማስላት፣ ቀጥሎ ጥቁር ገጽታ፣ ከዚያም ማንም ያልጠየቀኝን ግራፍ። ኮድ ስህተት ቢኖርበት እንኳ ብዙ ጊዜ በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገራል፤ ዝም ብሎ የሄደ ሰው ግን ለምን እንደሄደ አይናገርም፤ ስለዚህ ወደሚናገረው ሸሸሁ።

ቤት ለእንግዳ የሚከራይበት ድረ ገጽ የኤርቢኤንቢ መሥራቾች በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው የአከራዮቹን ቤት ራሳቸው ፎቶ ማንሳታቸውን፣ በኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተላልፈው የስትራይፕ መሥራቾች የሆኑት ወንድማማቾችም ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ኮምፒውተር ተቀብለው እዚያው ያዘጋጁለት እንደነበር አንብቤአለሁ። እኔ ደጋግሜ የማነበው ግን ፋይል በኢንተርኔት የሚቀመጥበትን የድሮፕቦክስን ታሪክ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአንድ የማሳያ ቪዲዮ የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 የዘለለበትን። የወደድኩት፣ አሁን ሳስበው፣ የማንንም በር ማንኳኳት ስለሌለበት ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደምንም ደፍሬ ተርጓሚዋን ፕሮግራሙን ስትሞክር አጠገቧ ተቀምጬ እንዳያት ለመንኳት። ገና ከመጀመሪያው የማረጋገጫው ኢሜይል አልደርስ አላት፤ ለካስ በዶሜይኔ (በድረ ገጼ አድራሻ) ላይ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉትን፣ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእኔ መላኩን የሚያረጋግጡ መዝገቦች ስላላስገባሁ መልእክቱ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ገብቷል። ከዚህ በፊት ስንቱ በዚሁ ምክንያት ደጃፍ ላይ እንደቀረ ማወቂያ የለኝም። ከገባች በኋላ ደግሞ ባዶ ሰንጠረዥ ተቀበላት። ጥቂት ዝም ብላ አየችውና «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ ለሌሊቱ እንግዳ ይህን የሚያስረዳው ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለኝ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። ክፍያ እንደዘገየባት ረስታ አታውቅም፤ በኤክሴል ላይ መስመሩን ቀይ ታደርገዋለች፣ ያ ይበቃታል። የሚከብዳት ደንበኛዋን ሳታስቀይም ገንዘቧን መጠየቅ ነው። ደብዳቤውን ጽፋ ሁለት ቀን ታሳድረዋለች፣ እንደገና አንብባ ታለሳልሰዋለች፣ ከዚያ ትልካለች። «በስሜ ሳላየው የሚላክ ነገርማ አልፈልግም» አለች። በገጹ አናት ላይ በትልቁ የጻፍኩት ግን ያንኑ ነው፤ እርስዎ ሳይነኩት ይላካል የሚለውን።

ዛሬ በራሱ መላኩን አስቀረሁት፤ ማስታወሻው ባለቤቱ አንብቦ እስኪፈቅድ ረቂቅ ሆኖ ይጠብቃል። የራሴን 6 መዝገቦችም ሰረዝኳቸው፣ ስለዚህ ቁጥሩ 5 ሆኗል። የሌሊቱ እንግዳ የኢሜይል አድራሻ በእጄ ነው። ምን ፈልጎ መጥቶ ምን እንዳጣ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ልመና መሰለኝ፣ እንደ ተርጓሚዋ ሁለት ቀን ላሳድረው ብዬ አስቀመጥኩት።