ለቅሬታ የሚሰጥ መልስ በጽሑፍ ይሁን

ነዋሪዎች በቀበሌና በማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ላይ የሚያቀርቡት ቅሬታ ለምን እንደማይፈታ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የበጀት እጥረት፣ የሠራተኛ ማነስ ወይም የፈጻሚዎች የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እኔ ግን በምሥራቅ ጎጃም ከገጠር ቀበሌዎች ለሚመጡ ባለጉዳዮች ማመልከቻ በመጻፍና አብሬያቸው ከቢሮ ቢሮ በመመላለስ ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊስተካከል የሚገባው ነዋሪው የሚያገኘው መልስ በቃል ብቻ መቅረቱ እንደ ሆነ ተረድቻለሁ።

«ነገ ይምጡ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚሉት መልሶች እሺታም እምቢታም አይደሉም። በግልጽ የተከለከለ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት ይዞ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ በቃል የተመለሰ ሰው ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን መብትን የሚያሳጣ ነው። ለምሳሌ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ መሬቱን እንዲለቅ የታዘዘ ባለይዞታ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ማመልከት እንደሚችል፣ በውሳኔው ካልረካም ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይደነግጋል። ከተሞቻችን ወደ እርሻ መሬት እየሰፉ በመጡበት በዚህ ዘመን ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ሳይደርሰው በስብሰባ ላይ በቃል ብቻ የተነገረው አርሶ አደር፣ 30ው ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር በምን ያስረዳል?

በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የሟች የመሬት ድርሻ ወደ ልጆቻቸው እንዲተላለፍ አመልክተው ነበር። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እንዲያመጡ ተነገራቸው፤ አመጡ። ቀጥሎ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቁ፤ እሱንም አመጡ። ከዚያም አዋሳኞቻቸው ድንበሩን እንዲያረጋግጡ ተባለ፤ አዋሳኞቹም ቀርበው አረጋገጡ። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማኅደሩ ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ እናቲቱም ጥፋቱ የእርሳቸው እየመሰላቸው ባገኙት ጊዜ ሁሉ ደጅ ይጠኑ ነበር። በመጨረሻ አብረን ሄደን የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደ ጎደለ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው። ባለሙያው ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ጻፈ። የጎደለው የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ የኮሚቴው አባላት የሥራ ዘመናቸው አልቆ አዲሶቹ ስላልተመረጡ ቃለ ጉባኤውን የሚፈርም ሰው አልነበረም። ያ ወረቀት ወደ ወረዳ ሲደርስ የቀበሌው ነዋሪ ተሰብስቦ ኮሚቴውን እንዲመርጥ ተደረገ፤ በዚያው ምክንያት ታግተው የነበሩ የሌሎች ጎረቤቶች ማኅደሮችም አብረው ተንቀሳቀሱ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን እንዲጽፍ እስኪጠየቅ ድረስ ችግሩ የእናቲቱ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ለራሱም አጥርቶ አላየውም ነበር።

ስለዚህ ቅሬታ ሲቀርብ የቀረበበት ቀንና ቁጥር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለባለጉዳዩ ቅጂ ሊሰጠው፣ መልሱም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ሊደርሰው ይገባል። የተቀባዩም ማንነት መታየት አለበት። ቅሬታ የቀረበበት ባለሙያ ራሱ ተቀብሎ ራሱ የሚያጣራ ከሆነ መዝገቡ ቢኖርም ፋይዳ የለውም። የአስተያየት መስጫ ሣጥንም ቢሆን ማን እንደሚከፍተውና መቼ እንደሚከፈት በላዩ ላይ ካልተለጠፈ ነዋሪው አምኖ ወረቀት አይከትበትም።

አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። የግለሰብ ቅሬታና የመንደሩ ሁሉ ቅሬታ በአንድ መንገድ ሊፈቱ አይችሉም። የመሬት ዝውውር፣ የመታወቂያ ወይም የግንባታ ፈቃድ መዘግየት ማኅደር አውጥቶ በማየት መልስ ያገኛል። የውኃ ፈረቃ መዛባት ወይም የውስጥ ለውስጥ መንገድ መበላሸት ግን የበጀትና የቅድሚያ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ለምክር ቤቱ ማቅረብና በአጀንዳ እንዲያዝላቸው መጠየቅ አለባቸው፤ ቅሬታ ሰሚ ባለሙያ የሌለውን የውኃ ፓምፕ ሊሰጣቸው አይችልም። ሆኖም እጥረት ባለበትም ቦታ ቢሆን ክፍፍሉ ሊስተካከል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የማዳበሪያ እጥረት በክልላችን አርሶ አደሮች ዘንድ ምን ያህል ምሬት እንደ ፈጠረ እናስታውሳለን። የቀበሌ ሊቀመንበር ማዳበሪያውን ከወደብ ሊያመጣ አይችልም፤ ለማን ስንት ኩንታል እንደ ደረሰ የሚያሳየውን ዝርዝር በቢሮው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ይችላል። የውኃ ፈረቃውም እንዲሁ ነው፤ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚያገኝ ተጽፎ ከተለጠፈ፣ ቢያንስ ተራው ሲታለፍ ነዋሪው ምን ብሎ እንደሚያመለክት ያውቃል።

የጎጃም ገበሬ መቼ ወደ ቢሮ እንደሚመጣ ማወቅም ለአገልግሎት ሰጪው እጅግ ይጠቅመዋል። ገበሬው በእርሻ ወቅት የሥራ ቀኑን አያባክንም፤ በሬ በማይጠመድበት በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ወይም በባለ እግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ነው ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚነሣው። ወር በገባ በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 ቀን ቅሬታ ሰሚው በቦታው እንዲገኝ ማድረግና ስብሰባን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ብዙ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው የተቆለፈ በር አግኝቶ ሲመለስ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፍርሃት ነው። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈውና ማዳበሪያ ሲመጣ ስም የሚመዘግበው ያው ቀበሌ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ነገ ከዝርዝሩ እንዳይቀር ይሰጋል። ሕዝቡ ዝም አለ ማለት ረክቷል ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ከጎጃም ይልቅ ሊያውቅ የሚገባው አገር የለም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬዎች በግብሩና በጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ላይ ያላቸውን አቤቱታ እስከ አዲስ አበባ አድርሰው ነበር። ሰሚ ሲያጡ አመፁ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከባቸው፤ ብዙ ሰው ከሞተና ንብረት ከጠፋ በኋላ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም እንዲነሡ፣ ውዝፉ ግብርም እንዲቀር ተደረገ። አቤቱታው በመጀመሪያው ቀን በቅንነት ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት በብዙ የጎጃም ቀበሌዎች አገልግሎቱ ራሱ ተቋርጦ ስለ ቆየ፣ ቢሮ በሚከፈትበት ቦታ ሁሉ የሚጠብቀው የተጠራቀመ ጉዳይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገብ ከሌለ ማን ቀድሞ እንዳመለከተ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ተራውንም ትውውቅ ይወስነዋል።

በቀበሌ፣ በወረዳና በዞን አመልክቶ መፍትሔ ያጣ ሰው በሕገ መንግሥቱ መሠረት በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደ ተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። አቤቱታው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ መሄድ ካልቻለ የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን ተቋሙ አይመረምርም። የሚሄድ ሰው የማመልከቻዎቹን ቅጂ፣ የተሰጠውን መልስ ሁሉ፣ መልስ ከተከለከለም ያመለከተበትን ቀንና የተቀበለውን ክፍል ጽፎ ይያዝ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሉ፣ ይህን ወረቀት የተማሩ ልጆቻቸው ወይም ጎረቤቶቻቸው ዛሬውኑ ቢያዘጋጁላቸው የባሕር ዳር መንገዳቸው በከንቱ አይቀርም።