የነጠረችው ሴስና

ብቻዬን መብረር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሴስና 172 የምትባል ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዤ ለማረፍ ስቃረብ ፍጥነቴ 75 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ነበር። 65 ይበቃኝ ነበር። አውሮፕላኗ መሬት አልነካም ብላ ማኮብኮቢያውን እየጨረሰች ተንሳፈፈች። ትዕግሥት አጣሁና አፍንጫዋን ወደ ታች ገፋሁት። እንደ ኳስ ነጠረች።

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ስትነጥር እጅ በራሱ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል (የእኔም ጀምሮ ነበር)። ያኔ የፊት ጎማዋ ቀድሞ መሬት ይመታል፤ ቀጣዩ ንጥረት ይብሳል። ከዚያ የፊት እግሯ ሊሰበር፣ ፕሮፔለሯም አስፋልት ሊመታ ይችላል።

የአስተማሪዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፦ «ከነጠረች ጋዝ ስጥና ተነሳ!» ሙሉ ጋዝ ሰጠሁ። ፍላፑን (ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል) ቀስ በቀስ ሰበሰብኩ፤ ዞሬ መጣሁ። ሞተር አጥፍቼ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያየሁት የፊት ጎማዋን ነው። ደህና ነበር።