ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት

ፒያሳ፣ ቶሞካ ውስጥ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የወንጀል ልቦለዴን ረቂቅ ያነባሉ። እኔ ፊታቸውን አነባለሁ። የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ስለኖሩ ስህተት አያልፋቸውም።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እንዲህ ስል አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ሰው «ጣና እንዴት ነው?» ይለኛል። ኧረ እንግሊዝ ነው! ዎርዚንግ የምትባል ትንሽ ከተማ። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ተሰደው በነበረ ጊዜ እዚያ ባሕሩ ፊት ለፊት በነበረ ሆቴል አርፈው ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ብርዱን ትንሽ ይቅር ብዬዋለሁ።

ልቦለድ እንጀራ አይሆንም፤ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። በእኛ 11 ሰዓት ተነስቼ ጀበናዬን እጥዳለሁ። ሥራ እስክገባ እጽፋለሁ። ባሕሩ በፖስታ ካርድ ላይ እንዳለው ሰማያዊ አይደለም፣ የዕቃ እጣቢ ነው የሚመስለው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሲሸሽ ወርጄ ጠጠሩ ላይ እየተራመድኩ ከሌቦቼ ጋር አወራለሁ። አንድ ቀን አንዲት የባሕር ወፍ ሳንድዊቼን ከእጄ ላይ ነጥቃኝ በረረች። እንዲህ ያለ ሌባ እንኳ ፈጥሬ አላውቅም።

የምጽፈው ግን ስለ ባሕር አይደለም። በምኒልክ ዘመን አራዳ ውስጥ ስለተዘረፈ የአርመን ወርቅ ሠሪ ሱቅ ነው። ያ ዘመን ለእንደኔ ዓይነቱ ጸሐፊ ሲሳይ ነው። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ሌባ ሻይ ደግሞ አለ። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ነው ይባላል። ምስኪን ባለቤት!

ዘንድሮ የመጣሁት ቦታዎቹን በእግሬ ልለካ ብዬ ነው። ዶሮ ማነቂያ የለም፤ በ2016 ፈርሷል። ሰፊውን መንገድ እያየሁ የጥብሱ ሽታ የት ጋ ይጀምር እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ጣይቱ ሆቴል ግን ከ2007ቱ ቃጠሎ ተርፎ አለ። የእንጨት ደረጃውን ደጋግሜ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሌባዬ በሌሊት ሲወርድ የትኛው እርከን እንደሚያጋልጠው ማወቅ ነበረብኝ። ዘበኛው ታዝቦኝ ታዝቦኝ «እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

ጋሼ ወረቀቱን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሱቁ ዘበኛ ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

«ዋሽቶ ነዋ ጋሼ! ሱቁ የተዘረፈው ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። እሱ ጠጅ ቤት ነበርኩ ይላል። በዚያ ሰዓት ክፍት ጠጅ ቤት ከየት ይመጣል?»

«ሁለት ሰዓት?» አሉ። «ሁለት ሰዓትማ እራትም አልተበላ። ጠጅ ቤቱ ጢም የሚልበት ሰዓት አይደል እንዴ?»

ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ፈረንጅ ከሌሊቱ ሁለት የሚለውን እኛ ስምንት እንላለን። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እናቴ ጋ ስደውል እንኳ በእኛ ሰዓት ነው የማወራው። ግን 14 ዓመት ሙሉ ፈረቃዬም፣ ባቡሬም፣ ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓትም በፈረንጅ ነው። እጄ ሳይነግረኝ ተሻግሯል። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ያሳደድኩት ዘበኛ እውነቱን ነበር የሚናገረው!

ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አጠገባችን የቆመው ወጣት ሳይቀር ዞሮ አየን። እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሁለትን ስምንት ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው። አርመኑ በማን ሰዓት ነው የሚቆጥረው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። አርመኑ ሱቁን የዘጋበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ በራሱ አቆጣጠር ቢጽፍስ? ዳኛውስ በእኛ ቢያነበው? ናፕኪን ስቤ መጻፍ ጀመርኩ። ጋሼ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዙ፣ በእኔ ሒሳብ።

«ቆይ እንጂ፣ ታዲያ ሌባው ማነው?» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። ከጠዋቱ ጀምሮ የማውቀው ሌባ፣ አሁን እኔም ጠፍቶብኝ ነበር።