የሻወሩ ጥግ

ደሴ በክረምት ቤት በቀላሉ አይደርቅም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈር ውስጥ ሲያድር የእኛ ሻወር ጥግም ይጠቁራል። ዛሬ ያንን ያረጀ ሲሊኮን፣ ውሃ እንዳይገባ ጥጉን የሚደፍነውን እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማሸጊያ፣ ነቅዬ ጣልኩት።

ከላይ ደርቦ መቀባት ዋጋ የለውም፤ አዲስ ሲሊኮን አሮጌው ላይ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ግማሽ ቀኔን የበላው መፋቁ ነው። ሁለቱን ጠርዝ በምላጭ ስትቆርጡት እንደ ጅማት እየተጎተተ ይወጣል። ከሥሩ ሻጋታ፣ የሳሙና ዝቃጭ፣ የተቋጠረ ውሃ። ሴራሚኩ ላይ የምትቀረውን ስስ ሽፋን በጣት ዳበስ አድርጋችሁ ፈልጓት፤ በዓይን አትታይም። ከዚያ አልኮል፣ ከዚያ ማድረቅ።

አንዳንድ ባለሙያ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን በፉጋ፣ ማለትም በሴራሚክ መሃል በሚሞላው ሲሚንቶ፣ ይደፍነዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤት በትንሹም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። ፉጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሊኮን ግን ይለጠጣል።

አዲሱን ሲሊኮን ቀባሁት፤ አሁን ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የዚህ ዓይነቱ ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ መስኮት መክፈት ነው። እማዬ "መቼ ነው የምንታጠበው?" ብላ በሩ ላይ ቆማለች። አብሽሪ እማ፣ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው ብቻ።